ደህና ነኝ ያልኩባቸው ወራት

የመጀመሪያው ምልክት ነጠላ ጫማዬ ነበር። ጠዋት ከመኝታ ክፍላችን ወጥቼ ወደ ቧንቧው ስሄድ ሀያት ከኋላዬ ጠራችኝና «አንዱ ጫማሽስ?» አለችኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ግራ እግሬ ባዶ ነው። ጫማው ኮሪደሩ መሀል ቀርቷል። የደብረ ብርሃን ሲሚንቶ ጠዋት ጠዋት ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ የኖረበት ያውቀዋል፤ እኔ ግን በባዶ እግሬ እየረገጥኩት ቅዝቃዜው አልተሰማኝም። ሀያት የአረርቲ ልጅ ናት፤ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ አንድ ክፍል ነው ያደርነው። «ፍቅር ይዞሻል» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም አብሬያት ሳቅኩ።

ጀርባዬን ካመመኝ ግን ሰንብቶ ነበር። ከትከሻዬ ዝቅ ብሎ፣ አከርካሪዬ ላይ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው የሚያመኝ። ብርድ ነው አልኩ። ጀሪካን መሸከም ነው አልኩ። ጎንበስ ብዬ ስለማጠና ነው አልኩ። ስተኛ ያልበኝ ጀመር፤ በደብረ ብርሃን ብርድ አንሶላ የሚያረጥብ ላብ የጤና አይደለም፣ እኔ ግን ብርድ ልብስ በዝቶብኝ ነው ብዬ አንዱን አነሳሁት። ቀሚሴ ሰፋኝ። ሰው «ከሳሽ» ሲለኝ «የፈተና ሰሞን አይደል» እላለሁ። ለሁሉም መልስ ነበረኝ።

ይህን የምጽፈው ተኝተው ለሚማሩ ነው። አልጋ ላይ ሆነው ትምህርታቸው እንዳያመልጣቸው ለሚጨነቁ፣ ለሚያስታምሟቸውም ጭምር። ምክር አለኝ፤ ቢሆንም መጀመሪያ የሆነውን እንደሆነ ልናገር። በዚያን ጊዜ ምክር ብቻውን ቢሰጠኝ እኔ ራሴ አልሰማም ነበር።

ሦስተኛ ዓመት ነበርኩ፣ ስታቲስቲክስ። አንድ ቀን ትምህርት አልቆ ተማሪው ሲነሳ እኔ መነሳት አቃተኝ። እግሮቼን አዘዝኳቸው። እንቢ አሉ። ደግሜ አዘዝኳቸው። ግራው ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ቀኙ ምንም። ክፍሉ ባዶ ሆነ። ሀያት በሩ ላይ ቆማ «ነይ እንጂ፣ ምሳ ይዘጋል» ትለኛለች። ዴስኩን በሁለት እጄ ይዤ ቀረሁ። ፊቴን ስታይ ደብተሯን ጥላ ሮጠች።

ሆስፒታል ያደረሱኝ የክፍሌ ልጆች ናቸው፣ በባጃጅ፣ ሦስት ሆነው አቅፈው። ሐኪሙ ዝግ ብሎ የሚናገር ወጣት ሰው ነው። ጣቱን በአከርካሪዬ ላይ እየጫነ ወረደ፤ አንድ ቦታ ሲደርስ ጮህኩ። ራጅ አስነሳኝ። ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ አየና «ኤምአርአይ ያስፈልጋል፣ አዲስ አበባ» አለ። አባቴ ከአንኮበር ደረሰልኝ። በሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አጋድመው ወሰዱኝ፤ አባቴ እግሬን ታቅፎ እስከ ጫጫ ድረስ ዳዊት በቃሉ ሲደግም ሰማሁት፣ ከጫጫ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ። አዲስ አበባ ኤምአርአይ አነሱኝ፤ ከአጥንቱ አጠገብ የተጠራቀመ መግል አግኝተው በመርፌ ቀዱና መረመሩት። ውጤቱን ይዘን ወደዚያው ሐኪም ተመለስን።

«የአከርካሪ ቲቢ ነው» አለን። «ሁለት የአከርካሪ አጥንቶችን በልቷል። መግሉ ደግሞ ሕብለ ሰረሰርሽን ተጭኖታል፣ እግርሽ እንቢ ያለው ለዚህ ነው። ሳንባሽ ንጹሕ ስለሆነ ወደ ሰው አይተላለፍም። መድኃኒት አለው፤ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይቋረጥ ይወሰዳል።»

«በእግሬ እሄዳለሁ?» አልኩት።

«አሁን ቃል አልገባልሽም» አለኝ።

አባቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

መድኃኒቶቹን በስማቸው አስጠኑኝ፦ ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድ፣ ኢታምቡቶል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራቱም፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱ። ጀርባዬን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ብሬስ ተሰራልኝ። ሐኪሙ ሽንቴ ብርቱካን መልክ እንደሚኖረውና በዚያ እንዳልደነግጥ ነገረኝ። ምግብ ካስጠላሽ፣ ካስመለሰሽ፣ ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ፣ እይታሽ ከተለወጠ ግን ያንኑ ቀን ንገሩን አለ። አባቴም እኔም ራሳችንን ነቀነቅን። ሰምተነዋል።

አሁን ስለ ትምህርቱ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ታይፎይድ ይዞኝ አንድ ሴሚስተር አቋርጬ፣ በክረምት ነበር ያካካስኩት። ለሁለተኛ ጊዜ ካቋረጥኩ ስሜ እንደሚሰረዝና ተመልሶ መግባት እንደማይኖር ትምህርት ክፍሉ ያኔውኑ አስጠንቅቆኛል። ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እኔ ብቻ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ነው፤ ስታቲስቲክስ ምን እንደሆነ ብዙም አያውቅም፣ ግን ጎረቤላ ገበያ ላይ ሰው አግኝቶ «ልጅቷስ?» ሲሉት ድምፁ ይለወጣል። እኔም ሌላ ነገር አልመኝም ነበር። እግሬ ከቀረ ትምህርቴ ይኖረኛል ብዬ አሰብኩ። ትምህርቴም ከቀረ የሚቀረኝ አልጋው ነው። ያኔ በእንዲህ ዓይነት ሂሳብ ነበር የምኖረው።

ተስፋ የሰጡኝ መምህርት ሰናይት ናቸው። ግቢው በዚያ ዓመት ክፍል መምጣት ለማይችሉ ጥቂት ተማሪዎች ትምህርቱን በኢንተርኔት መሞከር ጀምሮ ነበር፣ አስተባባሪዋ እሳቸው። አንኮበር እንደገባሁ ደወሉልኝ። «ትምህርቱ ስልክሽ ላይ ይመጣል» አሉኝ። «አንድ ወጥ አይደለም። የገባሽን ያልፈዋል፣ ያልገባሽን ይደግምልሻል። ስትችዪ ይፈጥናል፣ ሳትችዪ ይዘገያል። ልክ ለአንቺ ተብሎ እንደተሰፋ ልብስ አድርገሽ ቁጠሪው።» ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አለቀስኩ። ከታመምኩ ጀምሮ በደስታ ሳለቅስ ያ የመጀመሪያው ነው።

አልጋዬን ወደ መስኮቱ አስጠጉት፤ በቤታችን ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። መስኮቱ ወደ ገደሉ ያያል። ከቆላው ጉም ሲወጣ ኔትወርኩም ይጠፋል፤ ሳይንሱ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ እኛ ቤት ግን እንዲያ ነው። መብራትም በፈለገው ቀን ነው የሚመጣው። አባቴ የስልኬን ባትሪ ቤተ ክርስቲያን ካለው ሶላር ላይ ሞልቶ ያመጣልኛል። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ሲገባ ታቦት የያዘ ነው የሚመስለው ብላ እናቴ ትስቅበታለች።

ከዚያ በኋላ የመጣውን በአጭሩ እናገራለሁ፣ ማስረዘም አልችልም።

እግሬ አልተመለሰም። ባሰበት። ከወገቤ በታች የሌላ ሰው ሆነ። ሽንቴ ሳላውቀው ያመልጠኛል። እናቴ ታገላብጠኛለች። እናቴ ታጥበኛለች። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ እታጠባለሁ። እሷም አታወራኝም። አንድ ቀን እግሬን ስታሸው «ይሰማሻል?» አለችኝ። እጇ የት እንዳለ አላወቅኩም። «አዎ» አልኳት።

ሰኞ ሰኞ ስልኬ ላይ ከትምህርቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይመጣል። «ቤዛዊት፣ እንዴት ነሽ?» ይላል። ከሥሩ ሦስት መልስ አለ፦ «ደህና ነኝ»፣ «ትንሽ ከብዶኛል»፣ «በጣም ከብዶኛል»። የሳምንቱን ትምህርት የሚመጥነው በዚያ መልስ ነው። እኔ «ደህና ነኝ» የሚለውን እነካለሁ።

ይህን ከኛ አገር ውጭ ያለ ሰው ላይገባው ይችላል፣ እኛ ግን እናውቀዋለን። እንዴት ነሽ ሲባል ደህና ነኝ ነው የሚባለው። እግዚአብሔር ይመስገን ይባላል። በተለይ እንደኛ ያለ ቤት፣ የመሪጌታ ቤት፣ ሰው እንዴት ነሽ ሲልሽ ሕመምሽን ማስቀደም አምላክን ማማረር ነው፣ ነውርም ነው። ሊጠይቀኝ የመጣ ሁሉ «እንዴት ነሽ ልጄ?» ይላል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እላለሁ፣ «ተመስገን» ይላል፣ ይቀመጣል። ደህና አለመሆኔን ያየዋል እኮ። እኔም እንዳየው አውቃለሁ። ቃሉ ሰላምታ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። የስልኩ ጥያቄም በአማርኛ፣ በስሜ ጠርቶ ሲጠይቀኝ እጄ ሳላስበው ወደዚያው ይሄዳል።

ሰው ሁሉ ደህና ነኝ ስል አላመነኝም። ማሽኑ ግን አመነኝ። ደህና ናት ብሎ ጨመረልኝ። በሚቀጥለው ሰኞም ጠየቀኝ፣ ደህና ነኝ አልኩት፣ አሁንም ጨመረልኝ። አምስቱ ኮርስ በአንድ ላይ ተቆለሉ። ቪዲዮው ሳይወርድልኝ ጉም ይመጣል። ጉሙ ሲገለጥ እኔ አቅሌን ስቼ እተኛለሁ። ስነቃ ያስመልሰኛል። ምግብ ሸተተኝ፤ ጎመን፣ ሽሮ፣ ሁሉም። ሽንቴ ከብርቱካን አልፎ ሻይ መስሏል፤ ብርቱካን ይሆናል ተብሏል ብለን ተውነው። ሰውነቴን አሳከከኝ። አባቴ መድኃኒት ሊያመጣልኝ ጤና ጣቢያ በሄደ ቁጥር ነርሷ «መሪጌታ፣ ልጅዎ እንዴት ናት?» ትለዋለች። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናት» ይላል። እሷም ደህና ናት ብላ ትጽፋለች።

የፈተናዎቹ መልስ መስጫ አንድ በአንድ ሲዘጋ ተኝቼ አየሁት። ስልኩ ቀይ ምልክት ያሳየኛል። ማንበብ ስለደከመኝ ቀዩን ብቻ አያለሁ።

ሀያት ቅዳሜ ልትጠይቀኝ መጣች። እኛ በየቀኑ ስለምንተያይ ያላየነውን እሷ ከበሩ አየችው። ልትስመኝ ጎንበስ ብላ ቀረች። «ያ አላህ» አለች። «ቤዚ፣ ዓይንሽ ቢጫ ሆኗል እኮ።» እናቴ መጋረጃውን ገለጠችና አየችኝ። ያን ዕለት ነው እናቴ ስታለቅስ ያየኋት።

ደብረ ብርሃን ያው ሐኪም ደም አስቀዳኝና ውጤቱን ይዞ መጣ። ጉበቴ በመድኃኒቱ ተጎድቷል። «ምግብ ካስጠላሽ ምን ያህል ጊዜ ሆነሽ?» አለኝ። ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ለምን አልተናገራችሁም?»

«በሄድኩ ቁጥር ይጠይቁኛል ዶክተር» አለ አባቴ። «ደህና ናት እያልኩ ነው የምመለሰው።»

«ደህና ነበረች?»

አባቴ ነጠላውን አስተካከለ። «እንዴት ናት ብለው ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?» አለ።

ሐኪሙ አልተቆጣም። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። «ደህና መሆንሽን ለጎረቤት ንገሪ» አለኝ። «ምስጋናውንም ለእግዚአብሔር፣ እኔም አመሰግነዋለሁ። እኔ እዚህ ክፍል ስገባ ግን የምትነግሪኝ ያቃተሽን ነው። ትናንት የቻልሽውን ዛሬ ምን አቃተሽ፣ እሱን። ሌላውን አልሰማሽም።» ከዚያ አልጋ አስያዘኝና መድኃኒቱ በሙሉ እንዲቆም አዘዘ፤ ጉበቴ እስኪያገግም።

መድኃኒቱ ቆመ። ቲቢው ግን አልቆመም።

እነዚያን ቀናት ማስታወስ አልወድም። አከርካሪዬን የሚበላው ነገር እዚያው አለ። የሚገድለው መድኃኒት ደግሞ እኔንም ሊገድለኝ ነው። መሀል ላይ ተኛሁ። እግሬን አየዋለሁ፣ አይሰማኝም። ስልኬን ሳበራ መልእክት መጥቷል፦ ሴሚስተሩ እስኪያልቅ ያልተጠናቀቀ ትምህርት እንደተቋረጠ ይቆጠራል። ሁለተኛው ማቋረጥ ማለት ነው። ስሜ ይወጣል ማለት ነው። ስልኩን ፊቱን ደፍቼ አስቀመጥኩት። መሞትን ተመኘሁ። ያን ዕለት ለማንም አልተናገርኩም። በቀጥታ የምጽፈው ምናልባት አሁን ይህን የምታነብ፣ እንደኔ ተኝታ የምትመኝ አንዲት ልጅ ትኖራለች ብዬ ነው። ለሐኪሙ ንገሪው። እኔ ነገርኩት፤ ጠዋት ገብቶ «ዛሬ ምን አቃተሽ?» ሲለኝ «መኖር» አልኩት። የተደናገጠ አልመሰለኝም። «እሺ፣ ይሄ ጥሩ መልስ ነው» አለና ተቀመጠ፤ ብዙ አወራን፣ በኋላም የሚያናግረኝ ሌላ ባለሙያ ላከልኝ።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ያቃተኝን እነግረዋለሁ። መጀመሪያ አፌ አይታዘዝልኝም ነበር። ከምስጋና በፊት ሕመምን መጥራት ሥርዓት የጣስኩ ያህል ከበደኝ፤ አባቴ አጠገቤ ሲሆን ደግሞ ባሰ። አንድ ጠዋት ገና ሳልናገር አባቴ ራሱ «አፏ ምግብ መቀበል አቃተው ዶክተር፣ ትናንት የበላችው ሙዝ አልረጋላትም» አለ። ሐኪሙ «እንዲህ ነው የሚባለው፣ መሪጌታ» አለው። አባቴ በሽምግልናው ተማሪ ሆኖ መመስገኑ ደስ ብሎት እንደሆነ ከፊቱ አየሁ።

ለመምህርት ሰናይት የላክሁት መልእክት የመጣው ከዚህ ነው። መጻፍ ስለማልችል በድምፅ ነው የላክሁት። ሰላምታም አላስቀደምኩም። «መምህር፣ መቀመጥ አልችልም። ቪዲዮ ማየት አልችልም፣ ዓይኔ ይደክማል። ከአንድ ገጽ በላይ ሳነብ ያዞረኛል። አምስት ኮርስ አልችልም። የተዘጉብኝን ፈተናዎች በጊዜያቸው መሥራት አልቻልኩም። መስማት እችላለሁ» አልኩ። ልኬው ሳበቃ አፈርኩ። የተቀበልኩትን ዕድል የረገጥኩት መሰለኝ።

ወዲያው ደወሉልኝ። ድምፃቸው ልክ አልነበረም።

«ቤዛዊት፣ ስልኩ ሰኞ ሰኞ የሚጠይቅሽን ምን ብለሽ ነው የምትመልሺው?»

«ደህና ነኝ።»

 ከዚያ ነገሩኝ። ጥያቄውን ከእንግሊዝኛ የተረጎሙት ራሳቸው ናቸው። በእንግሊዝኛ ሲጠይቅ የነበረው ትምህርቱ አቅሜን ይመጥን አይመጥን እንደሆነ ነው። ወደ አማርኛ ሲመልሱት ደረቅ እንዳይሆን፣ ተማሪው የሚያስበው ሰው እንዳለ እንዲሰማው ብለው «እንዴት ነሽ» አሉት። «በመላው ሴሚስተር 'በጣም ከብዶኛል' ያለ አንድም ተማሪ የለም» አሉኝ። «ስብሰባ ላይ በኩራት ነው ያወራሁት። ሁላችሁም ደህና ናችሁ ብዬ። ሰላምታ ነው የጠየቅኳችሁ፣ ሰላምታ ነው የመለሳችሁልኝ።» ሳቅ ይሁን ለቅሶ የማይለይ ድምፅ አሰሙ። እኔም ከሆስፒታሉ አልጋ ላይ ሳቅኩ፤ ጀርባዬን እያመመኝ ሳቅኩ።

በሚቀጥለው ሰኞ ስልኬ ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ፦ «በዚህ ሳምንት ያቃተሽ ምንድን ነው?» ሀያት በኋላ እንደነገረችኝ፣ አብረውኝ በዚያ መንገድ የሚማሩት ሌሎች ልጆችም መልሳቸው ተለወጠ፤ አንዷ አራስ ነበረች፣ ሌላው ሰላ ድንጋይ ሆኖ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ የሚወጣ ልጅ ነበር። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ደህና ነበሩ።

የኔ ትምህርት ከዚያ ወዲህ በእውነት የኔ ሆነ። አምስቱ ኮርስ ቀርቶ አንድ በአንድ እንድወስድ፣ አንዱን ስጨርስ ሌላው እንዲከፈትልኝ ተደረገ። መምህርት ሰናይት ማስታወሻውን በድምፃቸው እየቀረጹ ይልኩልኛል፤ ጉም በማይኖርበት ሰዓት አውርጄ አስቀምጠውና ጣሪያውን እያየሁ እሰማዋለሁ፣ ያልገባኝ ቦታ ላይ መልሼ መልሼ እሰማዋለሁ፣ አባቴም አጠገቤ ተቀምጦ አብሮ ይሰማና «ይቺ 'ቫሪያንስ' የምትሏት ምን ያለች ነገር ናት?» እያለ ያስቀኛል። ፈተናው ከእንግዲህ በአንድ ሰዓት የሚዘጋ ሳይሆን ሳምንቱን ሙሉ ክፍት የሚቆይ ሆነ፤ ሲሻለኝ ሁለት ጥያቄ፣ ሳይሻለኝ ምንም። ስሳሳት ያው ጥያቄ በሌላ መልክ ተመልሶ ይመጣል። ደግሜ ብሳሳት የሚስቅብኝ የለም፤ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ የማልጠይቀውን ሁሉ እዚያ ጠየቅኩ።

መድኃኒቱም እንደዚያው አንድ በአንድ ተመለሰ። ጉበቴ ሲረጋጋ ሐኪሙ አንዱን ጀመረልኝ፣ ደም አየ፣ ሌላውን ጨመረ፣ እንደገና ደም አየ። አንኮበር ተመልሼ የፊዚዮቴራፒውን እንቅስቃሴ እናቴ ታሠራኝ ጀመር፤ ጠበሉንም አባቴ አላስቀረብኝም፣ መድኃኒቱንም በጠበል ቀን ሳይቀር በሰዓቱ ይሰጠኝ ነበር። አንድ ከሰዓት እናቴ ስታሸኝ «ቀኝ አውራ ጣቴ ላይ ነሽ» አልኳት። እጇን አነሳች። «አሁንስ?» አለች። «አሁን የለሽም» አልኳት። እንደገና ነካችኝ፣ እንደገና ነገርኳት፣ እንዲያ ስንል ጎረቤት መጥታ በሩ ላይ ቆማ ታየን እንደነበር አላወቅንም። ከዚያ ወራት ወስዶ መቀመጥ መጣ፣ መቆም መጣ፣ በሁለት ክራንች ግድግዳ ለግድግዳ መሄድ መጣ። አሁንም ብሬሱን አላወለቅኩም። ቀኝ እግሬ ዛሬም ይጎተታል፤ ሐኪሙ እንደ ድሮው እንደማይሆን በግልጽ ነግሮኛል።

ማመስገን ያለብኝን ላመስግን። ሐኪሜን፣ ቃል አልገባልሽም ብሎ እውነቱን ስለነገረኝ። መምህርት ሰናይትን፣ ስህተታቸውን ለተማሪ ስለነገሩ። ሀያትን፣ ዓይኔን ስላየች። እናቴን ምን ብዬ እንደማመሰግናት አላውቅም።

ምክሬ ይህ ነው። የጀርባ ሕመም አንድ ቦታ ላይ ከጸና፣ ማላብና መክሳት ከተጨመረበት፣ ብርድ ነው አትበሉ፤ ተመርመሩ። የቲቢ መድኃኒት ከጀመራችሁ በራሳችሁ አታቁሙ፣ ምግብ ካስጠላችሁ ግን ያንኑ ቀን ተናገሩ። የምታስታምሙ ሰዎች፣ «እንዴት ናት» ስትባሉ በልታ እንደሆነና አስመልሷት እንደሆነ ተናገሩ። ተኝታችሁ የምትማሩ ደግሞ፣ ትምህርቱ እንደ አቅማችሁ እንዲሆን አቅማችሁን የሚያውቅ ሰው መኖር አለበት፤ እናንተ ካልነገራችሁት አያውቅም። መምህራን ብትሆኑ ተማሪን እንዴት ነህ ብላችሁ ጠይቁት፣ ሰላምታ ነውና ይገባዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ ጠይቁት።

የዓመቱ የመጨረሻ ፈተና ግቢው ውስጥ፣ በአካል ነበር። ለመቀመጥ የተፈቀደላቸው ስማቸው ዝርዝሩ ላይ የተገኘ ብቻ ናቸው። መምህርት ሰናይት፣ ሴሚስተሩ ቢያልፍም ኮርሶቼን በተራ ስለወሰድኩ እንዳቋረጠች ተማሪ እንዳልቆጠር ለትምህርት ክፍሉ ጥያቄ አቅርበው ነበር፤ ዋዜማው ድረስ መልስ አልመጣም። «ብቻ ነይ» አሉኝ። አባቴ እስከ በሩ ደግፎኝ ቆመ። ሀያት ወንበር ሳበችልኝ።

ፈታኙ ስም መጥራት ጀመረ። ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ነው፤ የኔ ስም ከመጀመሪያዎቹ ነው። በላይነህን ጠራ። ብሩክን ጠራ። ከኔ በኋላ የሚመጡትን ጠራ። እኔን ዘሎኛል። ሀያት እጄን ያዘችኝ። ዳዊትን፣ ሀያትን፣ ሰላምን፣ ዮናስን እያለ እስከ መጨረሻው ወረደ። ወረቀቱን ሊያጥፍ ሲል ቆም አለ፤ ከታች በእስክሪብቶ የተጨመረ ነገር ነበረና ለማንበብ ወደ ዓይኑ አቀረበው።

«ቤዛዊት» አለ።

ክራንቼን ያዝኩና ቆምኩ። «አቤት» አልኩ።